ክፍል ሁለቱ ክፍል አንዱን ያስረሳበት ፊልም፦ «ማድ ማክስ 2»

ፉትስክሬይ_ነኝ
ሰላም ለቤቱ። ሰሞኑን እዚሁ አንድ ልጅ «ፓርት 2 ተሠርቶለት ያልተበላሸ ፊልም ጥቀሱልኝ» ብሎ ጠየቀ፤ ሦስት ሰው ሳቀበትና ክሩ ተቀበረ። እኔ መልስ ነበረኝ። በሁለት መስመር ስለማያልቅልኝ ነው አዲስ ክር የከፈትኩት። ፊልሙን ያላያችሁ አሁኑኑ ውጡ፤ መጨረሻውን ጭምር ነው የምዘረግፈው።

ያደግሁት ናዝሬት ነው። በ1986 ዓ.ም. አካባቢ ሰፈራችን ውስጥ አንዲት ቪዲዮ ቤት ነበረች፦ ጭቃ ቤት፣ ሰባት አግዳሚ ወንበር፣ በጆንያ የተጋረደ መስኮት፣ መግቢያ ሃምሳ ሳንቲም። የፊልም ስም የሚባል ነገር አይታወቅም። በሩ ላይ በጠመኔ «የመኪና ካራቴ» የሚል አንብበን ገባን። የካሴቱ መጀመሪያ ተበልቶ ስለነበር ለእኛ ፊልሙ የሚጀምረው ጥቁር መኪና ስትከንፍ፣ ከኋላዋ እብዶች ሲያሳድዷት ነው። እንግሊዝኛ የሚሰማ ሰው ቤቱ ውስጥ አልነበረም፤ ቢሆንም ማንም «ምን አለ?» ብሎ አልጠየቀም። አክተሩ ራሱ አይናገርማ! ኋላ እንዳነበብኩት ማክስን ሆኖ የሚሠራው ሜል ጊብሰን በፊልሙ ሙሉ የሚናገረው ወደ 16 መስመር ብቻ ነው።

ክፍል አንድ መኖሩን ያወቅሁት ሜልበርን ከመጣሁ በኋላ ነው። ቁጭ ብዬ አየሁትና ግራ ገባኝ። የእኛ አክተር ሚስት አለው፣ ልጅ አለው፣ አለቃ አለው፣ ቢሮ ይገባል! የባሰው ደግሞ ፖሊሶቹ መኪናቸውን የሚያቆሙበት ጨለማ ጋራዥ የሜልበርን ዩኒቨርሲቲ የምድር ውስጥ መኪና ማቆሚያ ሆኖ ተገኘ። ያን ጊዜ እኔ ማታ ማታ ጽዳት የምሠራው እዚያው ግቢ ነበር። ስንት ሌሊት መጥረጊያ ይዤ አልፌበታለሁ።

ክፍል አንድን አላጣጥልም። በ1979 (እ.ኤ.አ.) ጆርጅ ሚለር የሚባል ሐኪም ከጓደኛው ከባይረን ኬኔዲ ጋር ሆኖ ከ400 ሺህ የአውስትራሊያ ዶላር በማይበልጥ ገንዘብ የሠራው ነው። መግቢያው ላይ የምትደቀቀው ሰማያዊ ቫን የዳይሬክተሩ የራሱ መኪና ናት፤ ሌላ የሚሰብረው ስላጣ የራሱን ሰጠ። በዓለም ዙሪያ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቶ፣ ከወጪው አንጻር ብዙ ያተረፈ ፊልም ተብሎ ለዓመታት በጊነስ መዝገብ ላይ ቆይቷል። ያ ሁሉ ትክክል ነው። ግን ፊልሙ በቀል ነው። ሚስቱንና ልጁን ገጩበት፣ እሱም አንድ በአንድ ገደላቸው። እንዲህ ያለ ታሪክ የህንድ ፊልም ሞልቶታል።

ሁለተኛው በ1981 ሲወጣ ግን ሚለር የገባው ነገር ነበረ። ራሱ ደጋግሞ ሲናገር እንደተሰማው፣ ጃፓኖች ማክስን ጌታ አልባ ሳሙራይ፣ ስካንዲኔቪያኖች ብቸኛ ቫይኪንግ አድርገው እንዳዩት ሲሰማ ደነቀው። ናዝሬት መጥቶ ቢጠይቀን «ሽፍታ ነው» እንለው ነበር። ክፍል አንድ ሰውየው ለምን እንደሸፈተ ያስረዳል። ክፍል ሁለት ማስረዳቱን ትቶ ከሸፈተ በኋላ ያለውን ይነግረናል፦ በረሃ ላይ ቤንዚን ያላቸው ሰዎች ግቢያቸው ውስጥ በወንበዴዎች ተከበዋል፤ ሲያመልጡ ታንከሩን የሚነዳላቸው ማክስ ነው። እኔ ለዚያ ነው የሚበልጥብኝ። ተቃዋሚ ካለ መድረኩ ክፍት ነው።

ዝም_ብሎ_አንባቢ
«የመኪና ካራቴ» 😂😂 እኛ ሰፈር ደግሞ «ቆዳ ለባሾቹ» ነበር የተባለው። አክተር አይሞትም!

ጨው_በረንዳ
ተቃዋሚው እኔ ነኝ። ወንድሜ፣ ክፍል ሁለትን መጀመሪያ በማየትህ ተበላሽተሃል። ልጅነትህን ነው እየወደድክ ያለኸው።

የክፍል አንድ ዓለም ገና አልፈረሰም፤ ከውስጥ ተበልቶ ነው ያለው። ፍርድ ቤት አለ፣ ግን ምስክር ፈርቶ ስለሚቀር ወንጀለኛው በነፃ ይለቀቃል። ባሕር ዳር አይስክሬም የሚሸጥ ሰው አለ፣ አይስክሬም ልትገዛ የወጣችውን እናት ግን የሚከላከልላት የለም። ለእኔ ይሄ ክፍል ሁለት ላይ ላባ ሰክቶ በረሃ ላይ ከሚጮህ ሰው ሁሉ ያስፈራኛል፤ ምክንያቱም አውቀዋለሁ። እንዲህ ያለ ቀን አይቻለሁ።

ሚለር ድንገተኛ ክፍል የሠራ ሐኪም ነው፤ ገና በጉርምስናው ጓደኞቹን በመኪና አደጋ ያጣ ሰው ነው። ሚስቲቱና ሕፃኑ ሲገጩ ምን አሳየህ? መንገድ ላይ የምትንከባለል ጫማ። አለቀ። ደም የለም። እኔ ያቺን ጫማ ሃያ ዓመት አልረሳኋትም። ከክፍል ሁለት ደግሞ የማስታውሰው የመኪና ብዛት ነው።

መጨረሻውስ? ማክስ ከወንበዴዎቹ የመጨረሻውን እግሩን ከተገለበጠ መኪና ጋር በካቴና አስሮት፣ ብረት መቁረጫ መጋዝ ሰጥቶት ይሄዳል። ካቴናውን ለመቁረጥ 10 ደቂቃ፣ እግርህን ለመቁረጥ 5 ደቂቃ፤ ነዳጁ እየፈሰሰ ነው፣ ምረጥ። ከዚህ የከፋ ነገር ክፍል ሁለት ውስጥ አሳየኝ እስቲ።

ፉትስክሬይ_ነኝ
@ጨው_በረንዳ ጫማዋን አልነካም፤ እጅ ሰጥቻለሁ። የመጋዙም ነገር እውነት ነው። ግን ፍርድህን በሁለት ትዕይንት አትስጥ፤ ሙሉውን ፊልም አስበው። መሀሉ ላይ ለሽርሽር ይወጣሉ፣ ገጠር ገብተው ይቀመጣሉ፣ ሳር ላይ ይተኛሉ፤ እኛም አብረን እንተኛለን። በቀሉ ደግሞ መጨረሻ ላይ ጥድፍ ጥድፍ ተብሎ ነው የሚያልቀው። ማክስ ማክስ የሚሆነው ፊልሙ ሊያልቅ ሲል ነው።

ክፍል ሁለት ያን ሁሉ አንድ ጊዜ እንኳ ሳያወራ ነው የተሸከመው። ጉልበቱን የተመታው በክፍል አንድ ነው፤ በክፍል ሁለት ጉልበቱ ላይ ብረት ታስሯል፣ ሲራመድ ያነክሳል። ክንዱን ተሽከርካሪ ረግጦት ነበር፤ አሁን የቆዳ ጃኬቱ አንድ እጅጌ የለውም። ልጅ እንደነበረው የሚነግረን የለም፣ ግን መንገድ ላይ የልደት ዜማ የምትጫወት ትንሽ የሙዚቃ ሣጥን አግኝቶ ሲያዞራት ፊቱን እይ። ኋላ ለዚያ እንደ አውሬ ለሚያጉረመርመው ልጅ ይሰጠዋል። ቃል የለም። ክፍል አንድ በአንድ ሰዓት የነገረንን ይሄኛው በጉልበት ብረትና በሙዚቃ ሣጥን ጨረሰው።

ይሄ የእኔ አስተያየት ብቻ እንዳይመስልህ። አሜሪካ ውስጥ ክፍል አንድ ሲወጣ የአውስትራሊያኖቹን ድምፅ አጥፍተው በአሜሪካዊ ድምፅ ነበር የለጠፉበት፤ ብዙ ሰውም አላየውም። ስለዚህ በ1982 ሁለተኛውን ሲያስገቡ ከርዕሱ ላይ «2» የሚለውን ፋቁትና «የመንገድ ተዋጊ» የሚል ስም ሰጡት። ሕዝቡ ተከታይ መሆኑን ሳያውቅ አይቶ ወደደው። እኔም ናዝሬት ላይ እንደዚያው።

ቦቴ_አዋሽ
ሰላም ነው ጓዶች። እኔ ስለ ፊልም ብዙም አላውቅም። ቦቴ ነው የምነዳው፤ ጅቡቲ፣ ጋላፊ፣ ሰመራ፣ ሚሌ፣ አዋሽ፤ 14 ዓመት ሆነኝ። ይሄን ፊልም ያሳየኝ ሌላ ሹፌር ነው፤ «የእኛ ፊልም ነው» ብሎ። እውነቱን ነው። ዋናው ዕቃ ቦቴ የሆነበት ፊልም ሌላ አላየሁም። በረሃውም ቁርጥ የአፋሩ ዶቢ ነው።

ግን አንድ የሚያናድደኝ ነገር አለ። ታንከሩ መጨረሻ ላይ ሲገለበጥ የፈሰሰው አሸዋ ነው አይደል? ቤንዚን ሊትሩ ሦስት ሩብ ኪሎ ቢመዝን ነው። አሸዋ ደረቁ እንኳ ከኪሎ ተኩል በላይ ነው። ከእጥፍ በላይ ማለት ነው። ያን ታንከር ጢም አድርጎ አሸዋ ከሞላህበት ባሌስትራው ይበጠሳል፤ ከበር ሳይወጣ። በዚያ ላይ ሹፌር ጭነቱን ከመጀመሪያው ማርሽ ያውቀዋል። ፈሳሽ ጎደል ካለ ፍሬን ስትይዝ ከኋላ ይገፋሃል፣ ስትታጠፍ ወደ ጎን ይስብሃል። አሸዋ ግን እንደ ድንጋይ ቁጭ ይላል። ማክስ ይሄን ሳያውቅ ያን ሁሉ መንገድ ነዳ ብትሉኝ አልቀበልም።

ዝም_ብሎ_አንባቢ
ክሩ አሁን ገና ተጀመረ። ቦቴው ቀጥል።

ፉትስክሬይ_ነኝ
@ቦቴ_አዋሽ ምን ዓይነት ሰው ነው የመጣልን! ይሄን ጥያቄ የፈረንጅ መድረክ ላይም ይከራከሩበታል፤ ግን እስከ ባሌስትራ የደረሰ አላየሁም።

የእኔ መልስ እንዲህ ነው። ማክስ ያን ታንከር ከዚያ ቀን በፊት ጎትቶት አያውቅም። ወደ ግቢው ይዞ የገባው ከፊት ያለውን፣ ማክ የሚባለውን የአሜሪካ ከባድ መኪና ብቻ ነው። ታንከሩን የቀጠሉበት እነሱ ናቸው፣ የሞሉትም እነሱ። ስለዚህ ቤንዚን ሲሞላ እንዴት እንደሚከብድ የሚያወዳድርበት ነገር የለውም። ደግሞ ፖሊስ ነበር እንጂ የቦቴ ሹፌር አልነበረም።

ቦቴ_አዋሽ
እሺ፣ ማወዳደሪያ የለውም። ይሄን እቀበላለሁ። ታንከሩ ግን ሙሉ አልነበረም፤ ከዚህ ንቅንቅ አልልም።

ጨው_በረንዳ
ማክስ አያውቅም ካልን ደግሞ ደጋጎቹ ሰዎች ማክስን ሳይነግሩት መጥመጃ አድርገው ላኩት ማለት ነው። ነጭ የለበሱት! ሽፍቶቹ ታንከሩን ሲያሳድዱ እነሱ ቤንዚኑን በበርሜል ጭነው በሌላ መንገድ ውልቅ። ይሄን የሚያደርግ ሰው ጥሩ ሰው ነው?

ፉትስክሬይ_ነኝ
እኮ! ክፍል አንድ ላይ መጥፎው መጥፎ ነው፣ ጥሩው ጥሩ ነው። እዚህ ግን ማክስ ራሱ ሊረዳቸው አልገባም፤ በነዳጅ ተዋውሎ ነው። የቆሰለ ሰዋቸውን ተሸክሞ ያመጣውም ለጽድቅ አይደለም፤ ቤንዚን ትሰጡኛላችሁ ብሎ ነው። እነሱም መልሰው ተጠቀሙበት። አሸዋውን በእጁ ዘግኖ ሲያይ የሚታይበትን ፊት ናዝሬት ላይ «ተሸወደ!» ብለን ነው የሳቅንበት። አሁን ሳየው ግን እሱም ፈገግ ያለ ይመስለኛል። ከሰው ጋር ድጋሚ መኖር ማለት መታለልንም ይጨምራል መሰለኝ።

ደጀን_በረሃ
ክሩን ከላይ ጀምሬ አነበብኩት። አንድ ነገር ላርም፤ «ሽፍታ» የተባለው አልተዋጠልኝም።

ሽፍታ ዘመድ አለው። ስንቅ የምታቀብለው እህት አለችው፣ ወሬ የሚያደርስለት እረኛ አለው፤ መሀል ገብተው የሚያስታርቁ ቄስና ሽማግሌ አሉ። ዱር ቤቴ ያለው ዳኛ ፊት ነስቶት እንጂ ሰው ጠልቶ አይደለም። ምሕረት ካገኘ ይገባል። አገሩም በስሙ ያቅራራለታል። ማክስ ማን አለው? ውሻ። የውሻ ቆርቆሮ ምግብ ተካፍሎ ይበላል፤ ያን ሄሊኮፕተር መሰል ነገር የሚያበረውን ምስኪን አጠገቡ አስሮ ምራቁን ያስውጠዋል። የደቀነበት ጠመንጃም ባዶ ነበር። እሱ ሽፍታ አይደለም፤ ባይተዋር ነው።

ሽምግልና ካነሳን ደግሞ እዚያ ፊልም ላይ የሚሸመግል ማን ነው? ጭንብል ያጠለቀው፣ ሂዩመንገስ የተባለው! ማይክ ይዞ «ቤንዚኑን ትታችሁ ውጡ፣ ነፍሳችሁን እምርላችኋለሁ፣ ደም መፋሰስ ይብቃ» ይላል። ቀማኛው የምሕረት አዋጅ ያውጃል። ከከበቧቸው ሰዎች ውስጥ ደግሞ የሚያምኑት አሉ! እኔ ፊልሙን የምወድለት በዚህ ነው። ክፍል አንድ ላይ እንዲህ የሚከራከር ሕዝብ የለም፤ ባልና ሚስት ብቻ ናቸው።

ፉትስክሬይ_ነኝ
@ደጀን_በረሃ ተሸንፌያለሁ፤ ባይተዋር ይበልጣል። ከላይ ያለውን ግን አላስተካክልም፤ ያንተ መልስ ትርጉም ያጣል።

መርፌና_ክር
እስካሁን አንዳችሁም ስለ ልብሱ አላነሳችሁም፤ ወንዶች! ሙያዬ ስፌት ነው።

ክፍል አንድ ላይ ገንዘብ ስላልነበረ እውነተኛ ቆዳ የለበሰው ዋናው አክተር ነው፤ ሌሎቹ ፖሊሶች የለበሱት ቪኒል ነው። ቀረብ አድርጋችሁ ብታዩት ብርሃኑ ሲያርፍበት ይለያል። ክፍል ሁለት ላይ ልብሱን የሠራችው ኖርማ ሞሪሶ የምትባል ሴት ናት። ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ፣ ከስፖርት ዕቃ፣ ከአሜሪካ ፉትቦል የትከሻ መከላከያ፣ ከላባ፣ ከተቀዳደደ ቆዳ ሰበሰበችው። ዓለም ካለቀ በኋላ ፋብሪካ የለም፤ ሰው ያገኘውን ነው የሚለብሰው። ብልሃቱ እሱ ነው። ከበባ ውስጥ ያሉትን ነጣ ያለ ጨርቅ አለበሰቻቸው፣ ከባቢዎቹን ጥቁር። አቧራ ውስጥ መቶ ሰው ሲተራመስ እንኳ ማን የማን ወገን እንደሆነ ዓይንህ አይሳሳትም። ማክስ ጥቁር ለብሶ ከነጮቹ ጋር ነው፤ ይሄም በአጋጣሚ አይደለም። ከዚያ ወዲህ «ዓለም ሲያልቅ» የሚል ፊልም፣ የሙዚቃ ቪዲዮ፣ ጌም፣ ምን ቅጡ፣ ሁሉም የእሷን ልብስ ነው የሚገለብጠው።

አንድ ቅሬታ ግን አለኝ። ማክስ ከኮረብታ ላይ በቴሌስኮፕ ሲያይ፣ አንዲት ሴት ተይዛ የሚደርስባትን አይቶ ዝም ይላል። ለምን እንደዚያ እንደተሠራ ይገባኛል፤ ሰውየው ምን ያህል እንደደረቀ ሊያሳዩን ነው። ግን የሴቲቱ ስቃይ የወንዱን ባሕርይ ማሳያ ብቻ ሆኖ ሲቀር ይከነክነኛል። በክፍል አንድም ሚስቱ ያው ናት። በዚህስ ሁለቱም እኩል ናቸው።

ጨው_በረንዳ
@መርፌና_ክር እውነት ነው። ስለ ሚስቱ፣ ስለ ጄሲ፣ እንዲህ አስቤው አላውቅም ነበር። ጫማዋን ብቻ ነው ያየሁት።

የካቲት66
ልጆች፣ ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምጽፈው። ዕድሜዬ ገፍቷል፤ ልጄ ናት ሊንኩን የላከችልኝ።

ይህ ፊልም ከየት እንደመጣ ላስታውሳችሁ። በ1973 (እ.ኤ.አ.) በጥቅምት የዓረብና የእስራኤል ጦርነት ተነሣ፣ የዓረብ አገሮች ነዳጅ ከለከሉ፣ ዋጋው ሰማይ ነካ። የመጀመሪያውን ፊልም ከሚለር ጋር የጻፈው ጄምስ ማክኮስላንድ ጋዜጠኛ ነው፤ ነዳጅ ሲጠፋ አውስትራሊያውያን ማደያ ላይ እንዴት እንደተናከሱ ማየቱን ኋላ ጽፏል። ሐሳቡ የተጸነሰው ከዚያ ነው።

ያው የነዳጅ ዋጋ እኛም ዘንድ ደረሰ። መንግሥት የቤንዚንን ዋጋ በ50 በመቶ ጨመረ፤ በየካቲት 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ታክሲዎች ሥራ አቆሙ፣ መምህራኑም አቆሙ። ያኔ ተማሪ ነበርኩ። ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ በእግሬ ስሄድ መንገዱ ጭር ማለቱ ዛሬም አይረሳኝም። ነዳጅ ብቻ ነው አልልም፤ የወሎ ረሃብ ነበር፣ የወታደሩ ጥያቄ ነበር፣ የመሬቱ ጥያቄ ነበር። ግን ሜልበርን ላይ ፊልም የሆነው ድንጋጤ እኛ ዘንድ ዙፋን ሲነቀንቅ ከነበረው ጋር አንድ ምንጭ አለው።

የፉትስክሬዩ ልጅ፣ ካሴታችሁ ተበልቶ ነበር ያልከው መግቢያ ላይ ያለው ይኸው ነው። በጥቁርና ነጭ፣ በጠባብ ምስል፣ አንድ ሽማግሌ ድምፅ ሁለት ኃያላን ተዋግተው ነዳጁ እንዴት እንደነጠፈና ከተማው እንዴት እንደፈረሰ ይተርካል። ከዚያ ምስሉ በድንገት ሰፍቶ ቀለም ሲገባበት የመኪናዋን ሞተር ታያለህ። እኔ አሜሪካ አገር ሲኒማ ቤት ነው ያየሁት። ያ ምስል ሲሰፋ አዳራሹ እንዴት እንደጮኸ!

ፉትስክሬይ_ነኝ
@የካቲት66 ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። ታክሲው ሥራ ያቆመበትን ታሪክ አባቴም ሲያወራ ሰምቻለሁ፤ ከዚህ ፊልም ጋር ግን አገናኝቼው አላውቅም።

የመግቢያው ነገር ደግሞ እኔን ያስለቀሰኝ ጉዳይ ነው፤ እየቀለድኩ አይደለም። መግቢያውን ያየሁት ካደግሁ በኋላ፣ እዚህ ሜልበርን፣ በዲቪዲ ነው። ያን ሽማግሌ ድምፅ ሰማሁ። መጨረሻ ላይ ድምፁ ተመልሶ ሲመጣ ማን እንደሆነ ይነግረናል፦ ያ ብረት ቡሜራንግ የሚወረውረው፣ አንድም ቃል የማይናገረው፣ ፀጉሩ የተንጨባረረው ልጅ ነው! አድጎ፣ አርጅቶ፣ የጎሣው መሪ ሆኖ ነው የሚተርከው። ናዝሬት ላይ መሬት ተቀምጬ ሳይ ከፊልሙ ሁሉ የወደድኩት ያን ልጅ ነበር፤ የእኔ እኩያ ስለነበረ። ታሪኩ ሁሉ የእሱ ትዝታ መሆኑን ግን ካሴቱ በልቶብኝ ሳላውቅ ኖርኩ።

@ጨው_በረንዳ ልዩነቱም ይኸው ነው። ክፍል አንድ ዜና ነው፤ ዛሬ በዚህ መንገድ ላይ ይህ ሆነ ይልሃል። ክፍል ሁለት ተረት ነው፤ አንድ ሰውዬ ነበረ፣ መጣ፣ ሄደ፣ ዳግመኛም አላየነውም። ሰውየው ግዙፍ የሚመስለው ልጅ ስላየው ነው።

ጨው_በረንዳ
«ዜናና ተረት» የሚለው ጥሩ ነው። እኔ የዜና ሰው ነኝ በቃ።

ሸዋ_በር
2015ቱ ማድ ማክስስ፣ «ፉሪ ሮድ»? እሱ አይበልጥም? ስድስት ኦስካር ነው የወሰደው እኮ።

ፉትስክሬይ_ነኝ
@ሸዋ_በር ከአሥር እጩነት ስድስት፤ ልክ ነህ። ግን እሱ የዚህ የልጅ ልጅ ነው። ከባድ መኪና፣ ከበባ፣ የሚያሳድድ ጎሣ፣ ዝምተኛ ማክስ፤ ሁሉም እዚህ አለ። መጀመሪያ ክፍል ሁለት በተቀረጸበት፣ አውስትራሊያ ውስጥ ባለው ብሮክን ሂል ሊቀርጹት ነበር፤ ዝናብ ዘንቦ በረሃው አበባ አወጣባቸውና ናሚቢያ ሄዱ። በረሃ አበባ ስላወጣ የሚያዝን ሰው ፊልም ሠሪ ብቻ ነው።

ደግሞ አንድ ነገር ልንገርህ። ክፍል ሁለት ላይ ሞተር ሳይክል ከተሰበረ መኪና ጋር ተላትሞ ሰውየው አየር ላይ እንደ አሻንጉሊት ሲሽከረከር አይተሃል? ትወና እንዳይመስልህ። ጋይ ኖሪስ የሚባል ስታንት ሠሪ ነው፤ በአየር ላይ እግሩ ተመትቶ ጭኑ ተሰብሯል። ትዕይንቱን አልጣሉትም። ያው ሰውዬ ነው በ2015ቱ ፊልም የስታንቱ ኃላፊ የሆነው። ታንከሩን የገለበጠው ደግሞ ዴኒስ ዊሊያምስ የሚባል እውነተኛ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ምናልባት ለቀዶ ሕክምና ቢደርስ ብለው ከቀረጻው በፊት ምግብ ከልክለውት ነበር። ኮምፒውተር የለም፤ የምታየው ሁሉ በእርግጥ ተገጭቷል።

ቦቴ_አዋሽ
ሹፌር ነው የገለበጠው?! ለዚህ ነው ያማረው። እኔ ደግሞ አክተሩ መስሎኝ ስናደድ ነበር።

አወያይ
የ2015ቱን ፊልም የሚመለከት ሌላ ክር አለ፤ ክርክሩን እዚያ አድርጉት። እዚህ በክፍል አንድና ሁለት ላይ ቆዩ። @ሸዋ_በር የደገምከውን አንስቼዋለሁ።

መርፌና_ክር
@ፉትስክሬይ_ነኝ አንተ እዚያው አገር አይደለህ? ቦታውን ሄደህ አይተኸዋል?

ፉትስክሬይ_ነኝ
አይቻለሁ እንጂ! ከሜልበርን ብሮክን ሂል ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር በአንዲት አሮጌ ቶዮታ ወጣን፤ ዳቦ፣ ቆሎና አንድ ጀሪካን ውሃ ይዘን። ከብሮክን ሂል ትንሽ ወጣ ስትሉ ሲልቨርተን የምትባል ነዋሪዋ በጣት የሚቆጠር መንደር አለች። በ2010 የተከፈተ የ«ማድ ማክስ 2» ሙዚየም አላት፤ ከቀረጻው የተረፉ የዝገት ቁርጥራጮች፣ የመኪና አካል፣ ፎቶግራፎች። ከመንደሯ አለፍ ስትሉ ሙንዲ ሙንዲ የሚባለው ሜዳ ከከፍታ ላይ ይታያል። ምንም የለበትም። ዛፍ የለ፣ ቤት የለ፤ መንገዱ ቀጥ ብሎ ሄዶ ሰማዩ ውስጥ ይጠፋል። ዲን ሴምለር የተባለው ካሜራማን ያን ባዶነት ያየበትን ዓይን እዚያ ስትቆሙ ነው የምታውቁት። ኋላ በሌላ ፊልም ኦስካር አግኝቷል።

የሄድነው ሐምሌ ላይ ነበር፤ እዚያ ያኔ ክረምት ነው። ፊልሙም የተቀረጸው በክረምት ነው። በረሃ ብለን በስስ ሸሚዝ ሄደን በብርድ ተንቀጠቀጥን። ጓደኛዬ «እነዚያ ራቁታቸውን የነበሩት ሰዎች እንዴት ቻሉት?» አለ። ቂጡን ገልጦ ሙሉ ፊልም የሠራው ቀይ ፀጉራሙ ሰውዬ፣ ዌዝ፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ በዓይኔ ከበረ።

ሌላው ወደ ቤት ስንመለስ የተሰማኝ ነው። ባይረን ኬኔዲ፣ ፕሮዲውሰሩ፣ ከዚህ ፊልም በኋላ ሁለት ዓመት እንኳ ሳይቆይ በ1983 በሄሊኮፕተር አደጋ ሞተ። ሦስተኛውን ፊልም ሚለር ያለ እሱ ነው የሠራው። ሦስተኛው ለምን እንደዚያ ሆነ ብላችሁ ለምትጠይቁ፣ እኔ ይሄ ይመስለኛል። እሱን ግን እዚህ አልከፍትም፤ አወያዩ አለ።

ዝም_ብሎ_አንባቢ
ስለ ዌዝ ቂጥ የተጻፈውን አወያዩ አላየውም መሰለኝ 😂

አወያይ
አይቻለሁ። ፊልሙ ላይ ያለ ነገር ነው።

ጨው_በረንዳ
ትናንት ማታ ሁለቱንም በተከታታይ አየኋቸው፤ ለዚህ ክር ብዬ። ክፍል አንድን አልተውም። ግን የሙዚቃ ሣጥኗ ጋ ስደርስ ወደ ኋላ መልሼ ደግሜ አየኋት። ይሄን ብቻ ነው የምላችሁ።

ቦቴ_አዋሽ
እኔም ትናንት ሚሌ አድሬ በስልኬ ከረዳቴ ጋር አየነው። ረዳቴ ገና 19 ዓመቱ ነው፤ ፊልሙን ሰምቶት አያውቅም። ታንከሩ ሲገለበጥ «አሸዋ ነው እኮ!» ብሎ ተነስቶ ቆመ። ከዚያ የመጀመሪያ ጥያቄው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? «ቤንዚኑን በበርሜል የጫኑት ሰዎች፣ በርሜሎቹን በምን አሰሯቸው?» አለኝ። ሹፌር ወጥቶታል።

ፉትስክሬይ_ነኝ
@ቦቴ_አዋሽ 😂😂 በምን አሰሯቸው ግን?

ቦቴ_አዋሽ
አልታየም። ዛሬ ማታ አዋሽ ላይ ደግመን እናየዋለን።